የጎደለውን ጥርስ የሚሸከሙት ጎረቤቶቹ ናቸው

በደብረ ማርቆስ ከተማ ለነዋሪዎች የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤

ዛሬ የምናገረው አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ስለጎደለበትና በምትኩ ቋሚ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ በተለምዶ «ብሪጅ» የሚባለውን፣ ለማሠራት ስላሰበ ሰው ነው። ወደ ሕክምና የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጣቱን ክፍተቱ ላይ አሳርፎ «ዶክተር፣ እዚህ ጋ ይተካልኝ» ይላል። እኔ ግን ክፍተቱን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። አስቀድሜ የምመረምረው ከክፍተቱ ግራና ቀኝ የቆሙትን ጥርሶች ነው፤ ሥራው የሚጸናውም የሚፈርሰውም በእነርሱ ነውና። ንግግሬም በአመዛኙ ስለ እነዚሁ ጎረቤት ጥርሶች ይሆናል።

ብሪጅ የሚሠራው እንዲህ ነው። በክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ጥርሶች ዙሪያቸውና አናታቸው ይሞረድና ክራውን የሚባል ሽፋን ይለብሳሉ። በመካከላቸው የሚገባው ሰው ሠራሽ ጥርስ ከሁለቱ ሽፋኖች ጋር አንድ ወጥ ሆኖ ስለሚሠራ፣ ሦስቱ በአንድነት በጥርስ ስሚንቶ ሲጣበቁ በቦታቸው ይጸናሉ። የመካከሉ ጥርስ ሥር የለውም፤ ድዱን ነካ አድርጎ ይቀመጣል እንጂ ወደ አጥንት አይዘልቅም። ስለዚህ ቀድሞ ሦስት ጥርሶች ይካፈሉት የነበረውን የማኘክ ጫና ከእንግዲህ ሁለቱ ብቻ ይሸከሙታል። አርሶ አደሩ ወገኔ ነገሩን ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል፤ በአንድ ቀንበር ከተጠመዱት ሁለት በሬዎች አንዱ ከደከመ ቀንበሩ ያዘነብላል፣ ብርቱውም በሬ ከአቅሙ በላይ ይጎትታል። ብሪጅም ሁለት ጥርሶችን በአንድ ቀንበር የሚያጠምድ ሥራ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ በዛሬዋ ጣሊያን ምድር ይኖሩ የነበሩት ኤትሩስካውያን የተተካን ጥርስ በወርቅ ጥብጣብ ከጎረቤቶቹ ጋር ያስሩ እንደነበር በመቃብሮቻቸው የተገኙ ቅሪቶች ያሳያሉ። በእኛም አገር ያለፈው ትውልድ የወርቅ ጥርስ ያደርግ የነበረው በአብዛኛው ለጌጥ ነው፤ ሆኖም ወርቅ ከጌጥነቱም በላይ ለጥርስ ሽፋን የሚስማማ ብረት መሆኑን በዚሁ አጋጣሚ ልናገርለት እወዳለሁ። በስሱ ቢሠራ ስለማይሰበር ከሥሩ ያለው ጥርስ ብዙ መሞረድ አያስፈልገውም፣ ትይዩውን ጥርስም አይፍቅም።

ወደ ጎደለው ጥርስ ልመለስ። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ቦታው እንደነበረ አይቆይም። የኋለኛው ጥርስ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላል፣ ትይዩው ጥርስም የሚገታው ስለሌለ ቀስ እያለ ከቦታው ይወጣል። የተነቀለበት የመንጋጋ አጥንት ደግሞ ይሟሽሻል፤ በመጀመሪያው ዓመት ስፋቱ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል፣ ከዚህም ውስጥ አብዛኛው የሚቀንሰው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ጥርሱን ከ15 ዓመት በፊት አስነቅሎ ዛሬ ብሪጅ የሚጠይቅ ሰው፣ ጎረቤት ጥርሱ አዘንብሎ ቦታውን ከያዘበት በኋላ ስለሚመጣ፣ ቀላሉ ሥራ ከባድ ይሆንበታል።

ይህን ስል ግን የጎደለ ሁሉ መተካት አለበት ማለቴ አይደለም። የሙያ ባልደረቦቼ ይህን ደፍረው ሲናገሩ ብዙ ጊዜ አልሰማም፤ እኔ ግን እናገራለሁ። አዋቂ ሰው የአእምሮ ጥርስን ጨምሮ 32 ጥርሶች አሉት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሰው እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ቢያንስ 20 የራሱን ጥርሶች ይዞ ቢቆይ ያለ ሰው ሠራሽ ጥርስ በደኅና መኖር እንደሚችል በግብ ደረጃ አስቀምጧል። ከሁሉ ኋላ ያለ አንድ መንጋጋ ጥርስ ጎድሎበት በደንብ የሚያኝክ፣ ሕመም የሌለውና ሌሎቹ ጥርሶቹ ያልተንቀሳቀሱበት ሰው ገንዘቡን በኪሱ ይዞ ቢመለስ የሚጎዳው ነገር የለም። እንዲህ ያለውን ሰው ጥርሱን አሳጥቤ፣ በዓመቱ ተመልሶ እንዲታይ ቀጠሮ ሰጥቼ አሰናብተዋለሁ።

በአካባቢያችን ብሪጅ የሚጠየቅበት ዋናው ጥርስ የመጀመሪያው ትልቁ መንጋጋ ጥርስ ነው። ይህ ጥርስ የሚበቅለው በ6 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ከወተት ጥርሶች ኋላ ምንም ሳይነቀልለት ስለሚወጣ ብዙ ወላጅ እርሱንም የወተት ጥርስ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሲበሰብስ «ይነቀላል፣ ሌላ ይበቅላል» ተብሎ ይተዋል። ሌላ አይበቅልም። ልጁ ገና ትምህርት ቤት እያለ ይነቀልና በ25 ዓመቱ ስለ ብሪጅ ይጠይቀናል። ክራንቻ የሚጎድልባቸውም አሉ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ በሕፃንነታቸው ግግ ተብሎ ድዳቸው ተቆፍሮ የወጣባቸው ናቸው። በዚያ ዕድሜ ድድ ውስጥ ያለው ነጭ ነገር ትል ሳይሆን ያልበቀለ ጥርስ ነው፤ እርሱ ሲወጣ ከሥሩ የተዘጋጀው ቋሚ ክራንቻም አብሮ ሊጎዳ ይችላል። ክራንቻ ደግሞ ሥሩ ከሁሉ ረጅም ስለሆነ ብሪጅ በመሸከም ተወዳዳሪ የሌለው ጥርስ ነውና ጉዳቱ እጥፍ ነው።

ጎረቤት ጥርስ ሲመረመር የሚታየው ምንድን ነው? መጀመሪያ ራጅ ይነሣል። ያለ ራጅ ብሪጅ ልሥራልህ የሚል ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ፤ ከውጭ ነጭ ሆኖ የሚታይ ጥርስ ሥሩ ጫፍ ላይ መግል ቋጥሮ ሊገኝ ይችላልና። በራጅ የሥሩ ርዝመት፣ ዙሪያውን የያዘው አጥንት ከፍታና የተደበቀ ብስባሽ ይታያል። ከዚያም ድዱ ይለካል፣ ጥርሱ ይነቃነቅ እንደሆነ በጣት ይሞከራል፣ ለሽፋኑ መያዣ የሚሆን በቂ ቁመት መኖሩም ይታያል። አንት የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1926 ባቀረበው መመሪያ የተሸካሚዎቹ ጥርሶች የሥር ስፋት ቢያንስ ከሚተኩት ጥርሶች የሥር ስፋት ጋር እኩል ሊሆን ይገባል። መመሪያው ዛሬ እንደ ጽኑ ሕግ ባይቆጠርም፣ በሁለት ጥርስ ላይ አራት ጥርስ እንዲንጠለጠልለት የሚጠይቅን ሰው እምቢ ለማለት እስካሁን ይረዳኛል። ድዱ የታመመ፣ ሲቦርሽ የሚደማና ጥርሱ መነቃነቅ የጀመረ ሰው ደግሞ ድዱን ታክሞ ሳይድን ብሪጅ አይሠራለትም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ውሳኔ ነው። ጎረቤቶቹ ጥርሶች ፍጹም ጤነኛ ቢሆኑስ? ጥርስ ሙሉ ሽፋን እንዲለብስ ሲሞረድ በማኘኪያ አናቱ በኩል እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሊነሣለት ይችላል፤ ዙሪያውም ሲታከል ከድድ በላይ ከሚታየው አካሉ ከግማሽ በላይ ይሄዳል። የሄደው አይመለስም። አንዳንዱ ጥርስም ይህን አይችለውም፤ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ውስጡ ይሞትና የሥር ሕክምና ይፈልጋል። ጎረቤቶቹ ቀድሞውኑ ትልቅ ሙሌት ያለባቸው ወይም የተሰበሩ ከሆኑ ሽፋኑ ለእነርሱም መድኃኒት ስለሚሆን ብሪጅ ጥሩ ምርጫ ነው። አንድም ቀን ሙሌት ያልነካቸው የ20 ዓመት ወጣት ጥርሶች ከሆኑ ግን መሞረጃ ከማንሣቴ በፊት ሌላውን አማራጭ ሁሉ እዘረዝራለሁ።

አንደኛው አማራጭ ሜሪላንድ ብሪጅ ነው። ስሙን ያገኘው በአሜሪካ ከሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ተተኪው ጥርስ በጀርባው በኩል በተሠራለት ስስ ክንፍ ከጎረቤቱ ጥርስ ጀርባ ጋር ይጣበቃል። ጎረቤቱ ጥቂት ይነካል ወይም ጭራሽ አይነካም። ለፊት ጥርስ፣ በተለይም ዕድገታቸውን ላልጨረሱ ወጣቶች እጅግ ይስማማል፤ ብርቱ ጫና ላለበት መንጋጋ ግን አይሆንም። ሁለተኛው ኢምፕላንት፣ ማለትም በመንጋጋ አጥንት ውስጥ በሚተከል የብረት ሥር ላይ የሚቆም ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። ስዊድናዊው ተመራማሪ ብሮኔማርክ ቲታኒየም የተባለው ብረት ከሕያው አጥንት ጋር እንደሚዋሐድ ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተከለው በ1965 ነው። በኢምፕላንት ጎረቤት ጥርስ አይነካም፤ ነገር ግን በቂ አጥንት፣ በተለምዶ ከ3 እስከ 6 ወር ትዕግሥትና ከፍ ያለ ወጪ ይጠይቃል፣ ስኳሩ ላልተስተካከለ ወይም ሲጋራ ለሚያጨስ ሰውም ስጋቱ ይጨምራል። ሦስተኛው ማታ ማታ የሚወልቀው ተነቃይ ጥርስ ነው፤ ብዙዎች ቢንቁትም በርካታ ጥርስ ለጎደለበትና አቅሙ ለተወሰነ ሰው የተከበረ ሕክምና ነው።

ነገሩ በተግባር ምን እንደሚመስል አንድ ላሳያችሁ። ከፍኖተ ሰላም የመጣች መምህርት በባጃጅ አደጋ ከላይኛው የፊት ጥርሶቿ አንዱን አጥታለች። ብሪጅ ፈልጋ ነው የመጣችው። ከመቀመጧ «ዶክተር፣ ፍንጭቴን ግን እንዳያጠፉብኝ» አለችኝ። ችግሩ ወዲያው ታየኝ። የጎደለው ጥርስ ከፍንጭቱ በአንዱ ወገን ያለው ነበር፤ የተለመደው ብሪጅ ቢሠራላት ሽፋኑ ፍንጭቱን ተሻግሮ ከማዶኛው ጥርስ ጋር መያያዝ ስላለበት ፍንጭት የሚባል ነገር አይቀርላትም። በአንድ ወገን ብቻ ይያዝ ብንል ጎረቤቱ ትንሽዬ ጥርስ ነበረች፣ ለብቻዋ አትችለውም፤ ክራንቻውን እንጨምር ብንል ሁለት ንጹሕ ጥርሶችን ልንሞርድ ነው። ይህን ሁሉ በመስተዋት እያሳየሁ ነገርኳት። በመጨረሻ የመረጠችው ለጊዜው ተነቃይ ጥርስ አድርጋ፣ ገንዘብ አጠራቅማ በትልቅ ከተማ ኢምፕላንት ማስተከልን ነው። ለተነቃዩም ቢሆን የተመረቀችበትን ቀን ፎቶግራፍ ይዛ መጣች፤ ቴክኒሻኑ የፍንጭቱን ስፋት ከጎኑ ካለው ጥርስ ስፋት ጋር እያነጻጸረ ለክቶ ሠራላት። ደረጃውን የጠበቀ ተብሎ በየመማሪያው የተሣለው ፈገግታ ፍንጭት የለውም፤ ሐኪሙ ካልጠየቃችሁ እናንተ አስቀድማችሁ ንገሩት።

የድድ ንቅሳትም እንዲሁ ነው። በጎጃም ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች ብዙ ናቸው። ጥርስ ከጎደለ ቆይቶ አጥንቱ ሲሟሽሽ የጠፋውን ድድ ለማስመሰል ቴክኒሻኑ በብሪጁ ላይ ሮዝ ቀለም ያለው ፖርሰሊን፣ የሸክላ ዓይነት፣ ሊጨምር ይችላል፤ ያ ሮዝ ቀለም በጠቆረ ንቅሳት መካከል ከሩቅ ያስታውቃል። በእኔ ምርጫ ሮዙን ትቶ ጥርሱን በመጠኑ ማስረዘም ይሻላል፤ ከንፈር ብዙ ካልተገለጠ ማንም አያየውም። የጥርሱንም ቀለም በመስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ምረጡ፤ በአምፖል ብርሃን የተመረጠ ቀለም ውጭ ሲወጣ ሌላ ይሆናል።

ብሪጅ ለመልክና ለማኘክ ብቻ አይሠራም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራንና ጎንጅን ለእናንተ ማስተዋወቅ አይገባኝም። ላይኛው የፊት ጥርስ ከሌለ «ፈ» ከታችኛው ከንፈር ጋር የሚገናኝበት አያገኝም፣ «ሰ» እና «ዘ» ደግሞ ያፏጫሉ። ሁለት የፊት ጥርስ ለጎደለባቸው አንድ መሪጌታ በመጀመሪያ ከፕላስቲክ የተሠራ ጊዜያዊ ብሪጅ አድርጌላቸው «የኔታ፣ እንደ ልማድዎ ሲያዜሙበት ይሰንብቱና ይመለሱ» አልኳቸው። ተመልሰው ሲመጡ እዚያው ወንበሩ ላይ ሆነው አዜሙልኝ። «ፈ» ሲሉ ጥርሱ ከንፈራቸውን አለቅጥ ይጫን ነበር። ጫፉን በጥቂቱ ሞርጄ እንደገና አዜሙ፣ እንደገና ሞረድኩ፣ ድምፁ ሲስተካከል የዚያው ጊዜያዊ ጥርስ ልክ ተወስዶ ቋሚው በእርሱ አምሳል ተሠራ። ጊዜያዊው ብሪጅ ክፍተት መሸፈኛ ብቻ ሳይሆን መሞከሪያም ነውና በእርሱ ጊዜ የተሰማችሁን ቅሬታ ሁሉ ሳትሳቀቁ ተናገሩ።

ስለ አሠራሩ ሂደት ረጅም ነገር አልናገርም። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ድዱ እስኪረጋ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይጠበቃል። ሲሞረድ በመርፌ ይደነዝዛል፣ ልክ ተወስዶ ወደ ጥርስ ላብራቶሪ ይላካል፣ ተሠርቶ ሲመጣ ይሞከራል፣ ከተስማማ ይጣበቃል። ጾመኞች ጥርሱ ለሚሞረድበት ቀን ምግብ ከቀመሳችሁ በኋላ ያለውን ሰዓት ብትመርጡ መልካም ነው፤ በባዶ ሆድ መርፌ ተወግቶ ራሱን የሚስት ሰው ያጋጥማል።

ሲሞከር ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ አፋችሁን ስትገጥሙ ብሪጁ ከሌሎቹ ጥርሶች ቀድሞ መንካት የለበትም፤ «ይለመዳል» ቢሏችሁ አይለመድም፣ ይስተካከል። ሁለተኛ፣ በመካከል ከተንጠለጠለው ሰው ሠራሽ ጥርስ ሥር የጥርስ ክር የሚያልፍበት መሆኑን ሐኪሙ እዚያው ያሳያችሁ።

ስለ ዋጋ ብዙ ሰው ቅር ይሰኛል፤ «የጎደለኝ አንድ፣ የተጠየቅኩት የሦስት» ይላል። ብሪጅ የሚተመነው በሚሠሩት ጥርሶች ቁጥር ስለሆነ፣ ሁለቱ ሽፋኖችና መካከለኛው ተደምረው ሦስት ይሆናሉ። ዋጋው በሚሠራበት ነገርም ይለያያል፤ ከውስጡ ብረት ሆኖ በፖርሰሊን የተሸፈነው ለረጅም ዘመን የተፈተነ ነው፣ ዚርኮኒያ ደግሞ ብረት የሌለው፣ ብርቱና ነጭ ነው። የትኛው እንደሚሠራላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በርካሽ እንሠራለን የሚሉና ያለ ምርመራ ቶሎ የሚደርቅ ፕላስቲክ በጎረቤት ጥርስና በድድ ላይ የሚለጥፉ ሰዎችም አሉ። ያን ለጥፈው የመጡ ሕሙማንን ልጣፍ ስከፍት የማገኘው የበሰበሰ ምግብ፣ ያበጠ ድድና ሁለት የተበላሹ ጎረቤት ጥርሶች ነው። አንድ ጥርስ ብቻ ጎድሎት የነበረ ሰው ሦስት ጎድሎበት ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በጥንቃቄ የተሠራ ብሪጅ ስንት ዘመን ይኖራል? በርካታ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ከ10 ዓመት በኋላ ከ10ሩ 9 ያህሉ በአፍ ውስጥ ይገኛሉ። ይህ ግን በየጊዜው እየተመላለሱ የሚታዩ ሕሙማን ውጤት ነው። ብሪጅን በአብዛኛው የሚጥለው የፖርሰሊን መሰበር አይደለም፤ ሽፋኑ ከጥርሱ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ በኩል የሚገባ ብስባሽ ነው። ሰው ሠራሹ ጥርስ አይበሰብስም፣ የተሸከመው የእናንተው ጥርስ ግን ይበሰብሳል።

የወይራና የልምጭ መፋቂያችን በሚገባ ከተጠቀሙበት የጥርስን ፊትና ማኘኪያ ያጸዳል፤ አልንቀውም። ከተንጠልጣዩ ጥርስ ሥር ግን አይደርስም። እዚያ የሚደርሰው ጫፉ ጠንከር ያለ የጥርስ ክር ወይም ቀጭኗ የጥርስ መሐል ብሩሽ ነው። ክሩ በድዱና በተንጠልጣዩ ጥርስ መካከል ከጉንጭ ወደ ምላስ በኩል ይገባል፣ ወዲያና ወዲህ ይሳባል፣ ከዚያም የሁለቱ ተሸካሚ ጥርሶች ጎን በየተራ ይታሻል። በየማታው ከመኝታ በፊት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድዱ ቢደማ አትተዉት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልቆመ ግን ታዩ።

በምግብ ረገድ እንጀራም፣ ዳቦም፣ የተጠበሰ ሥጋም አይከለከልም። የሽምብራና የባቄላ ቆሎ ግን በብሪጅ በኩል አይቆረጠም፣ ጠጠርም አይታጣበትምና። ቡሬ መንገድ ዳር የሚሸጠውን ሸንኮራ በፊት ጥርስ መላጥ፣ የጠርሙስ ቆርኪ በጥርስ መክፈትና አጥንት መስበር ብሪጅ ላለውም ለሌለውም አልመክርም።

በመጨረሻ ከአዳራሹ በጽሑፍ ለደረሰኝ ጥያቄ መልስ ልስጥ፤ «ብሪጄ በአንድ በኩል የላላ ይመስለኛል፣ ግን አልወለቀም፣ ምን ላድርግ?» ይላል። ይህ ከወለቀው የባሰ ነው። አንደኛው ሽፋን ስሚንቶው ሲለቅ ሌላኛው ይዞት ስለሚቆይ ሕመም ላይሰማችሁ ይችላል፤ ምራቅና ምግብ ግን በላላው በኩል እየገባ ጥርሱን ከሥር ይበላዋል። ምልክቱ ስትነክሱ ከሥሩ አረፋ ወይም ምራቅ ብቅ ማለቱ፣ መጥፎ ሽታና መጥፎ ጣዕም ነው። በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ በጊዜ ከተደረሰ ነቅሎ፣ አጽድቶ፣ ያንኑ መልሶ ማጣበቅ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ሙሉ በሙሉ ከወለቀ ደግሞ በንጹሕ ብልቃጥ ይዛችሁት ኑ፤ በጫማ ማስቲሽ ወይም በሱፐር ግሉ አታጣብቁት። ሳይሸፈኑ የቀሩ ጥርሶች በጥቂት ቀናት ውስጥ ከቦታቸው ፈቀቅ ሊሉ ስለሚችሉ፣ ለገበያ ቀን ብላችሁ ባታቆዩት ይሻላል።